ሦስት ነገር ብቻ ተናገሪ

ልዋሽ አልፈልግም። አንዴ ዋሽቼ ያየሁት ይበቃኛል።

ውሸቷ ደግሞ ትንሽ ነበረች። በደብዳቤ መጨረሻ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የሎር ልጅ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ፣ አለቀ። ሰው ስንት ነገር ይዋሻል፤ ዕድሜውን፣ ክብደቱን፣ የወደቀበትን ፈተና። እኔ የዋሸሁት ጎሳዬን ነው። እንደ እኛ ከላኦስ ተራራ ተሰዶ አሜሪካ ለገባ የሞንግ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቀስ ብላችሁ ትደርሱበታላችሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ መርፌዎቹ ልንገራችሁ።

ፓኩ እባላለሁ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ሳክራሜንቶ ውስጥ የአኩፓንክቸር፣ ማለትም በቀጫጭን መርፌ የማከም፣ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እናቴ የር ትባላለች፤ ከተማው ዳር በተከራየችው መሬት እንጆሪ ታመርታለች፣ እዚያው መንገድ ዳር ባለች ጎጆዋ ትሸጣለች። ሠላሳ ዓመት ጎንበስ ብላ ስለለቀመች ቀኝ ትከሻዋ ወደ ላይ አይሄድም፤ ፀጉሯን የማበጥርላት እኔ ነኝ። መርፌው ሲገባላት ግን እጇ ይነሳል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ችግሩ ኢንሹራንሷ ነው። በዓመት ስድስት ጊዜ ብቻ ይሸፍንላታል። ስድስቱ የካቲት ሳይጋመስ ያልቃሉ፣ እንጆሪው ደግሞ የሚቀላው በሚያዝያ ነው። ክኒን ከሆነ ያለ ገደብ ይሰጧታል። ክኒኑን የዋጠች ቀን ግን ሚዛኑ ፊት ቁጭ ብላ ታንቀላፋለች፤ ደንበኛውም ልቀስቅሳት አልቀስቅሳት ሲል ቆይቶ ይሄዳል።

ለዚህ ነው እኛ ተማሪዎቹ በየዓመቱ ነጭ ጋዋናችንን ለብሰን የካሊፎርኒያን ሕግ አውጪዎች ልንወተውት የምንሄደው። ዘንድሮ በእጃችን ረቂቅ ሕግ ነበረን። ነገሩ ቀላል ነው፤ ኢንሹራንስ ሥር ለሰደደ ሕመም ለሌላው ሕክምና የሚሰጠውን ሽፋን ለአኩፓንክቸርም እኩል ይስጥ፣ በሽተኛው ስንት ጊዜ መምጣት እንዳለበት ደግሞ ያከመው ሰው ይወስን እንጂ ኩባንያው አይወስን ነው የሚለው።

በጥር የመጀመሪያ ጉዟችን ላይ ጓደኛዬ ማሪቴስ ጉድ ሠራችን። ማሪቴስ የፊሊፒንስ ልጅ ናት፤ ልቧ ንጹሕ ነው፣ ኪሷ ግን አይታመንም። መግቢያው ላይ ስንፈተሽ ከጋዋኗ ኪስ ሃምሳ መርፌ ወጣ፣ ከነማሸጊያው። ክሊኒክ የዋለችበትን ጋዋን ሳታራግፍ ለብሳው መጥታለች። ጥበቃው መርፌዎቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ የምክር ቤት አባል ልትወጊ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ምን ብትለው ጥሩ ነው? ፈቃደኛ ከሆኑ ለአንገት ሕመም በጣም ይረዳል አለችው። ሃያ ተማሪ በር ላይ ታገተ።

ኋላ ያን ደብዳቤ የጻፍኩለት ሰው ከላይ የወረደው ያኔ ነው። የጤና ኮሚቴው ሰብሳቢ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፣ ቀጠሯችንም ከእነሱ ጋር ነበር። ጥበቃውን በሁለት ቃል አለሳለሰው፣ መርፌዎቹ እስክንወጣ ድረስ በፖስታ ታሽገው እዚያው እንዲቆዩ አስማማ፣ ወደ እኛ ዞር ሲል ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነክሶ ነበር። ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ሞንግ ሞንግን ከሩቅ ያውቀዋል። እኔም ዓይኔን ከፊቱ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

ቀጥዬ ያየሁት ደረቱ ላይ ያለውን ባጅ ነበር። ቱጌር ሙዋ ይላል።

እኔም ሙዋ ነኝ። አባቴ ሙዋ ነው፣ የአባቴም አባት ሙዋ ነው። በእኛ ዘንድ ጎሳው አንድ የሆነ ሁሉ ወንድምና እህት ነው። ሌላው ሕዝብ ሰባት ቤት ቆጥሮ ይጋባል ይባላል፤ እኛ ጋ መቁጠር የለም፣ ሰባ ቤት ቢርቅም ያው ወንድምሽ ነው። የዚያን ዕለት ማለት የነበረብኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድሜ፣ እኔም ሙዋ ነኝ። ይስቅ ነበር፣ ምሳ ይጋብዘኝ ነበር፣ ታሪኩም እዚያው ያልቅ ነበር። አፌ እንቢ አለኝ።

ወረቀቴም አገዘኝ። አያቴ ታይላንድ ስደተኛ ጣቢያ ሲመዘገብ፣ ስም ቢሉት የገዛ ስሙን ቾንግኔንግ አለ። እሱው የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጻፈብን፣ አሜሪካ ድረስም ተከተለን። ስለዚህ ቱጌር ዝርዝሩ ላይ ፓኩ ቾንግኔንግ የሚለውን ሲያነብ ከማን ቤት እንደሆንኩ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ሰው በሞላበት ቢሮ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። እሱ የፍሬስኖ ልጅ ነው፣ ለሥራ ብሎ ነው ሳክራሜንቶ የመጣው፤ ቤተሰቤን የሚያውቅለት ዘመድም አጠገቡ የለም።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ትምህርት ቤታችን ለኮሚቴው በእጃችሁ ጻፉ ብሎ አዘዘን፤ ኢሜይል ይሰረዛል፣ የእጅ ጽሑፍ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያነበዋል ብለው። ስለ እናቴ ትከሻ ጻፍኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሁሉም የሚላከው የታተመ ምስጋና ደረሰኝ፣ ከሥሩ ግን ቱጌር በእስክሪብቶ ሁለት መስመር ጨምሮበታል። «እጇ ከተነሳ በኋላ ስንት ቀን ቆየላት? የምጠይቀው ለሰብሳቢዋ አይደለም፣ ለራሴ ነው፤ የእኔም እናት ቲማቲም ለቃሚ ናት።» አሥር ቀን ብዬ መለስኩለት። እንዲህ ተጀመረ።

መጀመሪያ የምንጻጻፈው ስለ ረቂቁ ነበር፤ የትኛው አባል እንደሚያመነታ፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ ወኪል የትኛውን ቢሮ እንደሚያዘወትር። ከዚያ ስለ እናቶቻችን ሆነ፣ ከዚያ ስለ ራሳችን። ስልክ ጠፍቶ አይደለም፤ ሁለታችንም ወረቀቱን መተው አልፈለግንም። ሦስት ጊዜ ምክር ቤቱ ግቢ ካሉት የብርቱካን ዛፎች ሥር ምሳ በልተናል። ከቤት የሚያመጣውን ሐምራዊ ሩዝ በጣቱ እያድቦለቦለ በርበሬ ያስነካውና ግማሹን ወደ እኔ ይገፋዋል። እጄን ነክቶኝ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ የጋዋኔ ቁልፍ ተፈቶ አየና «ቁልፍሽ» ብሎ አመለከተኝ፣ እስከ ጆሮው ቀላ። እኔ በአንድ ቁልፍ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

በአራተኛው ደብዳቤ ያ የማይቀረው ጥያቄ መጣ። «ስምሽ የጎሳ ስም አይደለም። የማን ልጅ ነሽ?»

ዘጠኝ ቀን ደብዳቤውን ይዤ ዞርኩ። እውነቱን ጽፌ ቀደድኩት፣ ደግሜ ጽፌ ደግሜ ቀደድኩት። በመጨረሻ ሎር አልኩ። የእናቴ ጎሳ ሎር ነው፤ ግማሽ እውነት ነው እኮ እያልኩ ራሴን አባበልኩ። በእኛ ሕግ ግን ልጅ የአባቷ ናት፣ ግማሽ የሚባል ነገር የለም። ይህን የማታውቅ የሞንግ ሴት ልጅ ገና አልተወለደችም።

መልሱ በሦስት ቀን መጣ። አንድ ገጽ ሙሉ ነው፣ ከዚያ ሁሉ የማስታውሰው «ተመስገን፣ ፈርቼ ነበር» የሚለውን ብቻ ነው። በመጋቢት ደግሞ አጎቱ የሎር ሽማግሌዎችን እንደሚያውቃቸው፣ እንጆሪው ሲያልቅ ሁለት ሽማግሌ ልኮ በወጉ እንደሚያስጠይቀኝ ጻፈልኝ። እኛ ጋ ሽማግሌ ሲላክ በጥልፍ መቀነት የተጠቀለለ ጥቁር ጃንጥላ ይዞ ነው የሚሄደው። ያን ጃንጥላ በራችን ላይ አሰብኩትና በደስታ ሞቅ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ደብዳቤውን አጥፌ ደበቅኩት። የሚፈልገኝን ሰው ወደ ቤቴ መጥቶ እንዲዋረድ እየጠራሁት እኮ ነው። ልንገረው ብዬ እነሳለሁ፣ ዓይኑን ሳይ እቀመጣለሁ። ማንን እየጎዳሁ እንደሆነ እንኳ በውል አላውቅም ነበር። ወንድሜ ነው? አያቱን አላየሁ፣ መንደሩን አላውቅ። ወንድሜ አይደለም? ታዲያ ለምን ስሙን ስጠራ ጥፋት የሠራሁ ይመስለኛል? ተደናገርኩ። ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም።

ረቂቁ በኮሚቴው ፊት የቀረበው በሚያዝያ ነው። ሥርዓቱን ልንገራችሁ። ዋናዎቹ ተናጋሪዎች ከጨረሱ በኋላ ደጋፊው ሁሉ ይሰለፋል፣ ማይክሮፎኑ ጋ ሲደርስም ሦስት ነገር ብቻ ይፈቀድለታል፤ ስሙን፣ ከየት እንደመጣ፣ መደገፉን ወይ መቃወሙን። አራተኛ ነገር ከጨመረ ሰብሳቢዋ መዶሻዋን ታነሳለች። ቱጌር ማይክሮፎኑ አጠገብ ቆሞ ሰልፉን ያስኬዳል።

የኢንሹራንሶቹ ወኪል ግራጫ ሱፉን ለብሶ ወጪ ይንራል፣ ጥቅሙ ገና አልተረጋገጠም ብሎ ተቀመጠ። እኛ ተነሳን። ተራዬ ሊደርስ ሦስት ሰው ሲቀረው ማሪቴስ በኋላ በር ገባች፣ በክንዷ እናቴን ደግፋ። እናቴ የበዓል ሹራቧን ለብሳለች። ልትመጣ ስትል መኪና ማቆሚያ የለም፣ ሰው ይበዛል ብዬ ሳምንት ሙሉ ተከራክሬ አስቀርቻት ነበር። ማሪቴስ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። በሽተኛዋ እያለች ስለ በሽተኛ እኛ ብቻ እንለፍልፍ እንዴ ብላ፣ ልታስደስተኝ፣ ከጎጆዋ አንስታ አምጥታታለች። ከኋላዬ አሰለፈቻት። ከሰልፉ ላወጣት ዞር አልኩ፣ ከኋላ ያለው ሰው ግን ወደፊት ገፋን።

ተራዬ ደረሰ። ፓኩ ቾንግኔንግ፣ ተማሪ፣ ደጋፊ ነኝ አልኩ። ቱጌር ቀና ብሎ አየኝ፣ በዓይኑ ብቻ ሳቀልኝ። ከዚያ አጭሯ እናቴ ቀረበችና ቱጌር ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገላት። መንገዱን ሙሉ ማሪቴስ ያስጠናቻትን እንግሊዝኛ አንድ በአንድ አወጣችው። «ስሜ የር ሎር። ከሳክራሜንቶ። በሽተኛ ነኝ። የፓኩ እናት ነኝ። ደጋፊ ነኝ።» አምስት ሆነ። ሰብሳቢዋ ፈገግ ብላ አለፈቻት።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሰማው አንዲት አሮጊት ሕግ ስትደግፍ ነው። ቱጌር የሰማው ሌላ ነው። ሎር ሎርን አያገባም። እናትየዋ ሎር ከሆነች አባትየው ሎር ሊሆን አይችልም፤ ልጅቷም አትሆንም። ስም የሚያሠፍርበት እስክሪብቶ መሀል ላይ ሲቆም አየሁት። ወደ እኔ ዞረ። ያ ፊት ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ።

እናቴ ግን አልጨረሰችም። የሞንግ ፊት ስታገኝ ዝም ማለት አትችልም፤ ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ በቋንቋችን «ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

ዝም ቢላት ይችል ነበር። ትልቅ ሰው ናትና መለሰላት። «ሙዋ ነኝ፣ እማማ።»

«ሙዋ? የእኔም ባል እኮ ሙዋ ነው» አለች እናቴ፣ ደስታዋ በድምፅ ማጉያው አዳራሹን ሞላው። ወደ እኔ ዞራ ጮክ ብላ ወቀሰችኝ። «አንቺ ፓኩ፣ ወንድምሽ እዚህ እያለልሽ ነው ለእኔ መኪና ማቆሚያ የለም የምትዪኝ?»

ሰው ሳይገባው ሳቀ። ሰብሳቢዋም እየሳቀች የእኚህን እናት ንግግር መዝገቡ እንዲይዘው ቱጌር እንዲተረጉም ጠየቀችው። ማይክሮፎኑን ወደ አፉ ቀና አደረገው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ይናገረው፣ ይለቅ፣ ይገላግለኝ እላለሁ፤ መልሼ አይናገር እላለሁ።

«የተከበሩ ሰብሳቢ» አለ፣ «ረቂቁን እደግፋለሁ ነው የሚሉት።»

ያ ሁሉ ንግግር ለዚህ ብቻ ነው ወይ አለችው ሰብሳቢዋ።

«አዎ። በጣም ነው የሚደግፉት» አለ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ለሚቀጥለው ተሰላፊ አዞረው።

ረቂቁ በአሥራ አንድ ድምፅ ለሦስት አለፈ። ሕግ ለመሆን ገና ብዙ በር ይቀረዋል፣ ይሄኛው ግን ከባዱ ነበር። ኮሪደሩ በነጭ ጋዋን ተሞላ፣ ይተቃቀፋሉ፣ ይዘላሉ። ማሪቴስ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አንቺ ደግሞ ደስታሽም በለቅሶ ነው ትለኛለች። እናቴን ተማሪዎቹ ከበዋታል፤ የሁሉም እጅ ትከሻዋ ላይ ነው። እኔ ጫፍ ላይ ወዳለው መስኮት ሸሸሁ። ተከትሎኝ መጣ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለኝ።

«በመጀመሪያው ቀን። ባጅህ ላይ።»

«መርፌዎቹ የተያዙ ቀን?»

«አዎ።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ አንድ ነገር የሚደምር ይመስላል። አጎቱ ጃንጥላውን እንደገዛ ነገረኝ። ስደበኝ አልኩት፣ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«ማን ሆኜ?» አለ። «ማን ሆኜ ልቆጣሽ፣ ፓኩ? እንደ ወንድም ነው ወይስ እንደ...» አልጨረሰውም። እሱም እንደ እኔ ግራ ገብቶታል፤ ይህን ሳይ ይበልጥ አመመኝ።

ያኔ ሳላስበው ለመንኩት። ሙዋ ሁሉ አንድ አይደለም አልኩት፤ የቀብር ሥርዓቱ የሚለያይ አለ፣ ሥርዓታቸው ከተለያየ ርቀው ሄደው የተጋቡም አሉ። አሁን እዚያ አዳራሽ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ይለፍ ስላለ አይሆንም የተባለ ነገር ሆነ። የእኛንስ የት ሄጄ ልሟገት? በምን ጋዋን?

«የእኛ ኮሚቴ የለውም» አለኝ። እንዲህ ይበል እንጂ ዓይኑ ስለ ሥርዓቱ ያልኩትን ይዞ ቀርቷል። እሱም ተስፋ እያደረገ ነው። ሁለታችንም አንድ ደቂቃ ያህል የተስፋ ጊዜ ነበረን፣ ምን ያህል እንደምወደው ያወቅኩት በዚያች ደቂቃ ነው።

እናቴ ከተማሪዎቹ ተላቃ ወደ እኛ መጣች። እጁን በሁለት እጇ ያዘች። የአባቱን ስም ጠየቀችው፣ የእናቱን ጎሳ ጠየቀችው፣ ከዚያ ማንም የሞንግ ሽማግሌ ዘመድ ሲያጣራ የሚጠይቀውን ጠየቀች። «ለሟች የምታርዱትን በሬ ሥጋውን በስንት ሳህን ነው የምታቀርቡት፣ ልጄ?»

የእኛ ሠላሳ ሦስት ነው። ሌላው በአምስት ያቀርባል፣ ሌላው በዘጠኝ። ከእናቴ ጀርባ ቆሜ በዓይኔ ለመንኩት። አምስት በል። ዘጠኝ በል። እኔ አንድ ጊዜ ዋሽቼልሃለሁ፣ አንተም አንድ ጊዜ ዋሽልኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፣ ማንም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ ወደ እናቴ መለሰው።

«ሠላሳ ሦስት፣ እማማ» አለ።

የእናቴ ዓይን እንባ ሞላ። በእኛ ሥርዓት ሰው በባዕድ ቤት አይሞትም፤ የቤቱ አባቶች አያውቁትም፣ ነፍሱን አይቀበሏትም። ሊሞት የሚያጣጥር እንግዳ ቢሆን እንኳ ተሸክመው ያወጡታል። ሳህኑ አንድ የሆነ ዘመድ ብቻ ነው ከቤትህ ገብቶ መሞት የሚፈቀድለት። ሰው ለሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር አይሰጥም። እናቴ ፊቱን ዳሰሰችው።

«እንግዲያ አንተ ከእኔ ቤት መሞት ትችላለህ፣ ልጄ» አለችው።

አንገቱን ደፍቶ አመሰገናት። ቀና ሲል ወደ እኔ ዞረ፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ድምፁ ግን የተረጋጋ ነው።

«እህቴ» አለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «እናታችን ደክሟታል። ፀሐይ ላይ ሳትቆም ወደ መኪናው አድርሺያት።»

የእናቴን ክንድ ያዝኩና ደረጃውን ወረድኩ። ወደ ኋላ አልዞርኩም። እሷ እግዜር የሰጠኝን ወንድም እያመሰገነች ነው፤ የፍሬስኖዎቹ ሙዋዎች ጨዋ ናቸው ትላለች፣ እሑድ መጥቶ ይብላ ትላለች፣ እኔም አዎ እማዬ፣ አዎ እማዬ እላለሁ። ሳይዋሽልኝ ቀረ፣ ሳይሰድበኝ ቀረ፣ ከእናቴም ከእኔም አልሸሸም። እህቴ ባለኝ በዚያች ሰዓት የወደድኩትን ያህል ወድጄው አላውቅም።